የብርጓል ያልጠየቀችው

የብርጓል ሉማሜ ላይ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያልፉ አውቶቡሶች ቆም በሚሉበት ጥግ ሻይ ቤት ነበራት። መጠየቅ ትወዳለች። ሐሜት ለመልቀም አይደለም፤ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ሳታውቅ ማደር ስለማይሆንላት ነው። ከመተማ የሚመለስ የቀን ሠራተኛ ካገኘች ሰሊጥ ሲታጨድ ፍሬው እንዳይረግፍ ምን እንደሚያደርጉ ትጠይቃለች። ሹፌር ካገኘች የዓባይን ቁልቁለት ሲወርድ እግሩ የት እንደሚያርፍ ትጠይቃለች። ባሏ እንዳላማው ዝምተኛ ገበሬ ነው። «የኔንም ድርሻ አንቺው ጠይቀሽ ጨርሰሻል» ይላት ነበር።

በሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት፣ በገና ጾም ሰሞን፣ የጎረሰችው ዳቦ ደረቷ ላይ ቆም እያለ ይወርድ ጀመር። ውኃ ስትጠጣበት ይሄድላታል። መጀመሪያ ቸኩዬ ነው አለች፤ ቀጥሎ ጨጓራ ነው አለች። ደብረ ማርቆስ የምታስተምረው ልጇ ወንጌላዊት ለጥምቀት ስትመጣ፣ እናቷ እያንዳንዱን ጉርሻ በውኃ ስትገፋ አየች። ብዙም ሳትከራከር ይዛት ወደ ሐኪም ቤት ሄደች። ከደብረ ማርቆስም ወደ አዲስ አበባ ተላኩ።

እዚያ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለበት ቀጭን ቱቦ በአፏ አስገብተው አዩ፤ ቅንጣት የምታህል ሥጋም ለምርመራ ቆነጠሩ። ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሟ፣ ረጋ ያለች ወጣት ሴት፣ ወንበሯን አስጠግታ ነገረቻት። ካንሰር ነው፤ ግን ገና ጅምር ነው። ያለው በእህል መውረጃው ውስጠኛ ልባስ ላይ ብቻ ነው፤ ወደ ሥር አልዘለቀም። ሆድና ደረት ሳይከፈት፣ በዚያው በአፍ በሚገባው ቱቦ ተልጦ ሊወጣ ይችላል። ይህን የሚሠሩት ባለሙያ ግን ከውጭ አገር የሚመጡት ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከዚያ ለስለስ ያለ ምግብ መብላት፣ ሻዩንም አብርዶ መጠጣት ነው፤ ይህች መዘግየት ጉዳት አታመጣም። ሐኪሟ ይህን ሁሉ እየተናገረች ወረቀት ላይ ቧንቧ ሣለች፤ በቧንቧው ውስጥም አንዲት ነጥብ አደረገች።

«የሚጠይቁኝ ነገር አለ፣ እናቴ?» አለቻት።

«የለኝም። እግዜር ይስጥልኝ» አለች የብርጓል።

ወንጌላዊት ዞር ብላ እናቷን አየቻት። ስለ ሰው ሰሊጥ እስከ ሥሩ የምትጠይቅ ሴት፣ ስለ ገዛ ጉሮሮዋ አንድ ቃል አልወጣትም። እውነቱን ለመናገር የብርጓል ካንሰር ከሚለው ቃል ወዲያ የተባለው ጆሮዋን ነክቶ አለፈ እንጂ አልገባትም ነበር።

ወደ ሉማሜ ተመለሰች፤ ሁዳዴም ገባ። የብርጓል ሻይ ትቀዳለች፣ ብርጭቆ ታጥባለች፣ መልስ ትሰጣለች። መንገደኛው ከየት እንደመጣ ግን አትጠይቅም። እንዳላማው ቤቱ ጸጥ ሲልበት ጊዜ ጨነቀው። እርሻውን እያስቀደመ ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤቱ እየመጣ ይቀመጥ ጀመር። የማያውቃቸውን መንገደኞች «እንዴት ነው፣ እናንተ ዘንድ ዝናቡ?» ይላል፤ ከመለሱለት በኋላ የሚያስከትለው ይጠፋበትና ብርጭቆውን ያዟዙራል። የብርጓል በሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅበት ነበር።

አንድ ነገር ደብቃው ነበር። ጠዋት ጠዋት፣ እሱ በሬዎቹን ይዞ ሲወጣ፣ ከጓዳ የገብስ ቆሎ ታመጣና ጥቂት ፍሬ ጎርሳ፣ በደንብ ሳታላምጥ ትውጣለች። ከወረደላት ያ ነገር አላደገም ማለት ነው፤ ቀኑን ትችለዋለች። ቆም ካለባት አድጓል ማለት ነው፤ ያን ቀን አይመሽላትም። ሐኪሟ እንዲህ ያለ መለኪያ አልነገረቻትም። የብርጓል ከራሷ ያወጣችው ነው።

አንድ ጠዋት ቆሎው ቆመ። ውኃ ጨመረችበት፤ ውኃውም ቆሞ ተመለሰ። ደረቷን ይዛ ጓዳው ውስጥ ጎንበስ እንዳለች፣ ጅራፉን ረስቶ የተመለሰው እንዳላማው ደረሰባት። ጀርባዋን እየመታ እስኪወጣላት ጠበቀ። ከዚያ መሬቱ ላይ የተበተነውን ቆሎ አየና ምን እንደሆነ ጠየቃት፤ ነገረችው። አልተቆጣም። ነጠላዋን አቀበላትና ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ አባ ወልደ ሰንበት ይዟት ሄደ።

አባ ወልደ ሰንበት ቅኔ ያስተምሩ የነበሩ፣ አሁን ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ናቸው። ታሪኩን ሁሉ ከእንዳላማው ሰሙ። ከጾሙ እንደፈቷት፣ ጠበሉን እንድትጠጣ፣ በጠበሉ አሳብባ ግን የሐኪም ቀጠሮዋን እንዳትተው ነገሯት። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

«በሽታሽ ምንድን ነው?»

«ካንሰር ነው አሉኝ፣ አባ።»

«ስሙንማ እኔም ሰማሁት። የት ላይ ነው ያለው? ስፋቱ ምን ያህል ነው? ምንስ ሊያደርጉት ነው?»

የብርጓል የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትል ጀመር።

«ሳታላምጪ ውጠሽዋላ» አሉ አባ። «ያላላመጡት ነገር ነው ሰውን የሚያንቀው።»

ስለ ቆሎው ይሁን ስለ ጭንቀቱ አልተናገሩም፤ ሁለቱም ገባት። ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ፋሲካ ደረሰ። እንዳላማው በጉን አርዶ ገፎ፣ ሆድ ዕቃውን ሲያወጣ፣ የብርጓል ሰሐኑን ይዛ አጠገቡ ቆማ ነበር። ዓይኗ በበጉ አንገት ላይ ዐረፈ። ሁለት ቧንቧ አየች። አንደኛው ቀለበት ቀለበት ያለው፣ ሲጫኑት የማይተኛ ጠንካራ ነው፤ ወደ ሳንባው ይሄዳል። ሁለተኛው ከኋላው የተለጠፈ፣ ባዶ ሲሆን የሚተኛ ለስላሳ ነው፤ ወደ ጨጓራው ይወርዳል። በዕድሜዋ ስንት በግ ስትበልት ይህን አይታው አታውቅም፤ አይታ ይሆናል፣ አላስተዋለችውም።

«ይቺን ቁረጥልኝ» አለችው፣ ለስላሳውን እያሳየች።

«ለምንሽ?»

«ቁረጥልኝማ።»

ቆረጠላት። በውኃ አጠበችውና በርጩማ ላይ ተቀምጣ በቢላ በቁመቱ ሰነጠቀችው። ከውጭ ቀይ ሥጋ ነው፤ ከውስጥ ነጭ፣ የሚያሟልጭ ልባስ አለው። ነጩን በጣቷ ስትገፋው ቀዩ ላይ ተንሸራተተ። ጫፉን ያዝ አድርጋ ሳብ አደረገችው። ሳይቀደድ እየተላጠ መጣላት፤ ቀዩ ሥጋ እንዳለ ቀረ። ደጋግማ ሞከረችው። እንዳላማው የሥጋው ሥራ ቀርቶበት አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ያያል።

«በውስጠኛው ልባስ ላይ ብቻ ነው ያለችኝ ይሄን ነው» አለችው። «ወደዚህ ወደ ቀዩ አልደረሰም ማለቷ ነው። የሚልጡትም እንዲህ ነው።» ድምፅዋ ከሻይ ቤቱ ጠፍቶ የከረመው ድምፅ ነበር።

በዓሉ እንዳለፈ ወንጌላዊት ለሐኪሟ ደወለችላትና ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻት። የብርጓል የበጉን ነገር ከመጀመሪያው ጀምራ ተረከችላት። የተላጠው ቦታ መልሶ ልባስ ያበቅል እንደሆነ፣ ትኩስ ሻይ አምጥቶባት እንደሆነ፣ ቆሎው አባብሶባት እንደሆነ በተራ ጠየቀች። ሐኪሟ እየሳቀች መለሰችላት። ቦታው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሽራል። ለዓመታት እየፈላ የሚጠጣ ነገር አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ሰው ላይ ግን ያመጣው ይሄ ብቻ ነው ብሎ ማንም አይምልም። ቆሎው ደግሞ አያሳድገውም፣ አይለካውምም፤ ማነቅ ግን ያንቃል፣ ይተዉት አለቻት።

ተወችው። ጭንቀቱ ግን አልተዋትም። ምድጃው ፊት ብቻዋን ስትሆን ይመጣባታል፤ በተለይ ቀጠሮው ሲቀርብ በረታባት። ሲላጥ ሥር ሰዶ ቢያገኙትስ? ያን ጊዜ እንዳላማውን «መጣብኝ» ትለዋለች። እሱም ከጎኗ ይቀመጣል። አንዳንዴ ቶሎ ይሄድላታል፤ አንዳንዴም ውሎ ያድራል። ደግሞ ቱቦው ውስጥ ቢላዋው እንዴት እንደሚገባ ማሰብ ትጀምርና አሰላስላ ሳትጨርስ እንቅልፍ ይወስዳታል።

አዲስ አበባ የሄዱት በግንቦት መግቢያ ላይ ነው። በእንቅልፍ መድኃኒት አስተኝተዋት ሠሩላት። ስትነቃ ደረቷ የተጋጠ ያህል ያማታል፤ ድምፅዋም ጎርነን ብሏል። ሐኪሟ ያ ነገር ሳይቆራረጥ እንደወጣ ነገረቻት። ወደ ሥር መዝለቅ አለመዝለቁን ግን ላቦራቶሪው ነው የሚለየው፤ እስኪነግሯቸው እንደገና መጠበቅ ነው። ለቀናት ፈሳሽ ብቻ እየወሰደች ቆየችና ወደ ሉማሜ ተመለሱ።

ስልኩ የተደወለው አውቶቡስ ቆሞ ሻይ ቤቱ በመንገደኛ በተሞላበት ሰዓት ነው። ወንጌላዊት ነበረች። የላቦራቶሪው ውጤት ደርሷል፤ የተላጠው ሥጋ ዙሪያ ንጹሕ ነው፤ ወደ ሥር አልሄደም፤ በየሦስት ወሩ እየመጡ መታየት ነው የቀራቸው። የብርጓል ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ከመንገደኞቹ መካከል አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ እንባዋም ወረደ። አጠገቧ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ምን ክፉ ወሬ እንደሰማች ጠየቋት።

ከዚያ በፊት ለመንገደኛ ስለ ራሷ አውርታ አታውቅም። ለእኚህ ለማታውቃቸው ሰውዬ ግን ከዳቦው ጀምራ እስከ ስልኩ ድረስ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሌሎቹም ጸጥ ብለው ሰሙ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ሲያሰማ ሰዉ እየመረቃት ወጣ።

አንዲት ከአምበር የመጣች ሴት ግን ቀረች። ወንድሟ ከመስቀል ወዲህ ደረቅ እህል አልወርድ ብሎት በሾርባ ብቻ እንደሚኖር፣ ሰውነቱም እየከሳ እንደሄደ፣ ሐኪም ቤት ሂድ ቢሉት እንቢ እንዳለ ነገረቻት። የብርጓል እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። የአውቶቡሱ ረዳት ሴትየዋን እንዲጠብቃት እንዳላማውን ወደ በሩ ላከችው።

«ቁጭ በይ» አለቻት። «እስቲ ንገሪኝ፣ ሲውጥ የሚቆምበት የቱ ላይ ነው?»