ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ያረፈው ኮምፒውተር

በቤታችን ሳሎን፣ በመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ ገና ሦስተኛ ቀኑን የያዘው አዲሱ ኮምፒውተር በድንገት ማረፉን ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ የምናሳውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። ሟች ያረፈው ሰኞ ጠዋት በአራት ሰዓት ከሃያ ሲሆን፣ ይህ ዕረፍቱ አሥራ አንደኛው ነው። አሥራ ሁለተኛው ከምሳ በፊት ይጠበቃል።

የገጣጠምኩት እኔ ነኝ። ባለቤቱ እህቴ ናት፤ ታላቄ፣ የሕንፃ ንድፍ የምትሠራ። የነበረችበት ቢሮ ሲዘጋ ሌላ ቢሮ ለሙከራ አንድ ሥራ ሰጣት፦ የባለ ሦስት ፎቅ ክሊኒክ ሙሉ ንድፍ፣ እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት። ካስረከበች ትቀጠራለች፤ ካላስረከበች ወረፋ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ። አሮጌው ላፕቶፗ አንድ ፎቅ በተጨመረበት ቁጥር ደረጃ እንደሚወጣ ሽማግሌ ቆም እያለ ስለሚያስቸግራት፣ አዲስ ልሥራልሽ አልኳት። ያን ዕለት "ዶክተር" የሚል ስም አወጣችልኝ። ያኔ በአድናቆት ነበር።

ቅዳሜ ገጣጠምኩት፤ ሲፈተን ውሎ አንዲት ስህተት አልተገኘበትም። እሁድ ጠዋት እህቴ የመጀመሪያውን ግድግዳ ስታሰምር ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና ድርግም አለ።

አባታችን ሶፋው ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት የውሃ ፓምፕ መካኒክ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የነካው ነገር ሁሉ ወይ ይሰበራል ወይ ያፈሳል፤ ልብስ ማጠቢያውን ጠግኖ ሳሎኑን ካጥለቀለቀው በኋላ እኔና እህቴ ተማክረን ምንም እንዳይነካ ከለከልነው። የከለከልነው በጨዋ ደንብ ነው፤ ደክመሃል አባባ፣ እረፍ ብለን። እሱም እሺ ብሎ ተቀመጠ።

ሰኞ ዊንዶውሱን እንደገና ጫንኩ። ማክሰኞ ከጓደኛዬ ፓወር ሰፕላይ ለምኜ ቀየርኩ። ቀጥሎ ጥርጣሬዬ የማሽኑ ማስታወሻ በሆኑት ሁለት ራሞች ላይ ወደቀ፤ አንዱን ሳወጣ ይጠፋል፣ ሌላውን ሳወጣ ይጠፋል፣ ቦታቸውን ሳለዋውጥ ትንሽ አስጎምጅቶኝ ይጠፋል። ሁለቱንም ከነካርቶናቸው ወደ ገዛሁበት ሱቅ ወሰድኳቸው። ባለሱቁ በራሱ ማሽን ላይ ሰክቶ ሲፈትሻቸው ዋለና፣ ከእኔም ከአንተም የተሻለ ጤና አላቸው ብሎ መለሰልኝ።

እህቴ ከቀን ወደ ቀን ፊቷ ይጠቁር ጀመር። አንድ ክፍል ትነድፋለች፣ ሴቭ ታደርጋለች፣ ይጠፋል። አንዳንዴ ፋይሉንም ይዞት ይሄዳል። ክሊኒኩ ሦስት ጊዜ ታንጾ ሦስት ጊዜ ፈረሰ። ወደ አሮጌው ላፕቶፗ ብትመለስም ከሁለተኛው ፎቅ አልፎ አልሄድ አላት። ረቡዕ ከሰዓት እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳችና፣ ዞር ሳትል፣ ዕቃዎቹ አሮጌ መሆናቸውን እንዳምን ጠየቀችኝ።

"ዶክተር፣ በሞቴ እውነቱን ንገረኝ። አልቆጣም።"

"አዲስ ናቸው አልኩሽ እኮ።"

"እንግዲያው አትችልም ማለት ነው። ያኔውኑ አልችልም ብትለኝ ምን ነበረበት?"

የመለስኩላትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። የድሮ ቢሮዋ ለምን እንደተዘጋ አሁን ገባኝ የሚል ነገር ነበረበት። ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች፤ በሩን ብትወረውረው ይሻል ነበር፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። አባታችን ጫማውን ያይ ነበር።

ሐሙስ ማለዳ ያልነካሁት አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፦ ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ። ሙቀቱ ደህና ስለሆነ አልጠረጠርኩትም ነበር። አራቱን ብሎኖች ልፈታ ካቻቢቴ ሳስገባ አልነቃነቅ አሉ። ቅዳሜ በሁለት ጣቴ ነው ያጠበቅኳቸው፤ አሁን በሁለት እጄም እምቢ አሉ። መብራት አስጠግቼ ሳይ አናታቸው ተፋፍቋል፤ ዕቃው ሁሉ የተሰካበት ማዘርቦርድም ከመጥበቁ ብዛት እንደ ሰሃን ጎድጉዷል። ፕሮሰሰሩ አንድ ጎኑ ተጨፍልቆ ሌላው ስለላላ ከራሞቹ ጋር የሚገናኘው ሲያሻው ነው። ብሎን እንዲህ የሚጠብቀው ውሃ እንዳያፈስ ነው። በቤታችን እንዲህ የሚያጠብቅ እጅ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

እያላበኝ ፈታኋቸውና አራቱንም እኩል፣ በልኩ መለስኳቸው። ፈተናው አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ ስህተት ሄደ። እህቴን ጠርቼ ነገሩን አስረዳኋት፤ ወንበሯን ስባ መንደፍ ጀመረች። አራት ሰዓት ነበር። ማሽኑ ከዚያ ወዲህ አንዴም አልጠፋም፤ የቀራት ንድፍ ግን በሁለት ሰዓት የሚያልቅ አልነበረም። የላከችው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መልሱ በአሥር ደቂቃ መጣ፦ ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፣ ስለ ጥረትዎ እናመሰግናለን።

ጮክ ብላ አነበበችልን። ያ ባለጌ ኮምፒውተር ምንም እንዳልተፈጠረ ይሠራል። ከዚያ ወንበሯን ወደ ሶፋው አዞረች።

"አባባ፣ አንተ ነህ ያጠበቅከው?"

"እኔ ነኝ። እሁድ ማለዳ፣ እናንተ ሳትነሡ።"

"አራት ቀን ሙሉ ስንባላ እያየህ ዝም አልክ?"

"አዎ።"

ስለከለከልንህ ፈርተህ ነው ወይ ብዬ ሰበብ አቀበልኩት። አይደለም አለ።

"ታዲያ ምንድን ነው፣ አባባ?" አለች እህቴ።

"አልናገርም" አለ። "ከፈለጋችሁ ተቆጡ፤ አልናገርም።"