ሃያ አንድ እርምጃ

«እኔ ፈረስ አይቼ ከተሳሳትኩ ይኼን ጸጉሬን ላጩት» አለች ደወል፣ የሻይ ትሪ እንደያዘች። «ዳማው ፈረስ ትልቁን ውድድር ያሸንፋል። አባቴ ብሏል፣ እኔ ለክቻለሁ፣ አለቀ።»

መኖ ነጋዴው እኮ ስለ ፈረስ አልጠየቃትም። «እህል ቀመስሽ ወይ?» ነው ያላት። ግን የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነው፣ ማክሰኞ፤ የተውሶ ወንበሮቹ ሁሉ ሰው ተቀምጦባቸዋል፣ ሰውም ሁሉ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል፤ ደወል ደግሞ ዝምታ ሲገጥማት ካልሞላችው አይሆንላትም።

«አንቺ ልጅ» አለች አክስቷ ከጓዳው በር ላይ፣ «የወንድሜ አፈር እንኳ ገና አልደረቀም።»

«እሱ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር። እኔና እሱ ሌላ ወሬ መቼ እናውቃለን?»

ይኼስ እውነቷን ነው። ሟቹ አባቷ የፈረስ አሰልጣኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግልገል ፈረስ እያየ «ይኼ ይሮጣል፣ ይኼ ጋሪ ይጎትታል» ሲል የኖረ፣ ባለፈረሶች ቃሉን እንደ ማኅተም የሚቀበሉት ሰው። ደወልን ያሳደጋት ብቻውን ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት ጋር ስትለያይ (እሷ «ተሰናበትኩት» ትላለች፣ አክስቷ «አሰናበታት» ትላለች) የሩጫ ሰዓቱን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠለጠለና «በይ እንግዲህ፣ ካሁን ወዲያ ክፍልሽ እዚህ ነው» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ፣ ጎህ ሲቀድ ሜዳው አጥር ላይ ቆማ ሰዓት ትይዛለች። ፈረሱ የመጨረሻውን ምሰሶ ሲያልፍ ሰኮንዱን ትጮኻለች። ጩኸቷ ሜዳውን ተሻግሮ፣ ለፈረሶቹ ኮቴ ብረት የሚመታው ሰውዬ ጆሮ ድረስ ይደርሳል። ደወል ያሏት ለዚህ ነው፤ እናት አባቷ ያወጡላትን ስም ዛሬ የሚያስታውሰው ያለም አይመስል።

አንድ ነገር ግን ጠላቷም ይመሰክርላታል፤ አትዋሽም። የባለፈረሱ ፊት ይብራ ይጥቆር ደንታ የላትም፣ ሰዓቱ ያለውን ትላለች። «ደወል ከጮኸች እውነት ነው» ይባል ነበር።

በዚያው ቀን፣ ወደ አመሻሹ፣ ባለፈረሷ መጡ። የዳማው ባለቤት ናቸው፣ የሌሎቹ አሥራ አንድ ፈረሶችም። ወሬ የማያበዙ፣ ሲቀመጡ ወንበር የማያስጮኹ ሴትዮ። ደወልን አጠገባቸው አስቀመጧትና «የትልቁ ውድድር ምዝገባ ዓርብ ያበቃል» አሏት በለሆሳስ። «አባትሽ የለም። የዳማውን ነገር ካንቺ ሌላ የምጠይቀው የለኝም። ሐሙስ እመለሳለሁ፤ እስከዚያ አስቢበት።»

«ምኑን አስባለሁ እትዬ? አሁኑኑ…»

«ሐሙስ» አሉ ባለፈረሷ።

ደወል ሻይ መቅዳቷን ቀጠለች፤ ልቧ ግን ሐሙስ ላይ ነው። ሐሙስ በሰው ፊት «ይመዝገብ» ካለች፣ ዳማውም ከሮጠ፣ የአባቷ ቦታ የሷ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመት። ሴት ልጅ። ስድስተኛ ክፍል።

ዳማው ሲመጣ ዓመት ያልሞላው ነበር፤ ቀይ፣ ቀጭን፣ ግንባሩ ላይ ጣት የምታክል ነጭ ያለችው። አባቷ እጁን ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ጉልበቱ ቀስ ብሎ አወረደው። «ትከሻው ይታይሻል? ወደ ኋላ ጋደም ያለ ነው። እርምጃው ይረዝማል» አላት። ከዚያ ወደ ባለፈረሷ ዞሮ «እትዬ፣ ከእንግዲህ ሌላ ፈረስ ባልመርጥልዎትም አይቆጨኝ። ይኼን ይግዙ» አለ። ገዙ። ሁለት ዓመት ሲሞላው ደግሞ ግልገሉ ከሌሎች ፈረሶች ጋር ሲሮጥ ይረበሻል ተባለ፤ አባቷ ለብቻው ከሜዳው ጀርባ ወሰደው። ከውኃ ታንከሩ ምሰሶ እስከ ወዲያኛው ምሰሶ፣ አራት መቶ ሜትር። ያ የመጨረሻው ምሰሶ ትንሽ ያዘነበለ ስለሆነ ደወል «ሰካራሙ» ብላዋለች። መጀመሪያ ቀን ሰካራሙ ሥር ቆማ «ሃያ ሦስት ተኩል!» ብላ ስትጮኽ መዶሻ የያዘ መዶሻውን አቆመ። በዚያ ዕድሜ እንዲህ የሮጠ ፈረስ በጋጣቸው አልታየም።

አባቷ ግን አልጮኸም፣ አልሳቀም። ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን ያይ ነበር።

ረቡዕ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ደወል ትሪዋን ይዛ ወደ ጓሮ ብቅ ስትል ከግድግዳው ወዲያ ሹክሹክታ ሰማች። ብረት መቺውና የዳማው ጋላቢ ናቸው።

«ምሰሶውን ወደ ቦታው ሳንመልሰው ሄደብን» ይላል ብረት መቺው።

«ተወው፣ ማን ያያል?»

«ጉዱ የሚመጣው ዓርብ ከተመዘገበ በኋላ ነው። ትልቁ ሜዳ ላይ ምሰሶ የሚነቅልለት አያገኝ።»

ደወል ትሪዋን እዚያው መሬት ላይ አስቀመጠች። ስድስት ብርጭቆ ሻይ ከነእንፋሎቱ። ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች በጓሮ በር ወጣች፣ ወደ ሜዳው።

መጀመሪያ ፊት ለፊት ያሉትን ምሰሶዎች ለካች፣ ሌሎቹ ፈረሶች የሚለኩበትን። አምስት መቶ ሰባ እርምጃ። ከዚያ ወደ ጀርባ ዞረች፣ ከውኃ ታንከሩ ተነሳች። አምስት መቶ አርባ ዘጠኝ። ሒሳብ ላይ ራሷን ስለማታምን ደገመችው። አምስት መቶ አርባ ዘጠኝ። ከሰካራሙ አልፋ ሃያ አንድ ስትቆጥር እግሯ ሥር ክብ ቦታ አገኘች፤ ሣሩ ሳሳ ያለ፣ አፈሩ ከዙሪያው ትንሽ ዝቅ ያለ፣ አንድ ጊዜ ተቆፍሮ የተደፈነ። ምሰሶው ሰክሮ አይደለም ለካ ያዘነበለው። በችኮላ ተተክሎ ነው።

ሃያ አንድ እርምጃ አንድ ሰኮንድ ያህል ናት። በሰው አገር አንድ ሰኮንድ ምን አላት፤ በፈረስ አገር ግን አምስት ፈረስ ተከታትሎ የሚቆምባት ናት።

ሣሩ ላይ ቁጭ አለችና አንድ ጠዋት ትዝ አላት። አባቷ ያስተማራት ነገር ነበር፤ ፈረስ ከጋለበ በኋላ ጎኑ ላይ እጅሽን አድርገሽ ትንፋሹ እስኪረጋ ቁጠሪ። «ፈረስ የሚጀምረው በእግሩ ነው፤ የሚጨርሰው ግን በሳንባው ነው።» ያን ጠዋት የዳማው ጎን ላይ እጇን አድርጋ ሌሎቹ የሚረጉበትን ቁጥር አለፈች፣ መቶ ደረሰች፣ ጎኑ ገና እንደ ወናፍ ይነፋል።

«አባዬ፣ ይኼ ፈረስ ሳንባ የለውም እንዴ?»

«ሙቀቱ ነው።»

«የቱ ሙቀት?»

«ገና አልገባሽም፣ ደወልዬ። ዓይንሽ ገና ነው።»

ብርድ ነበር። ሰዓቱን የያዙት ጣቶቿ ደንዝዘው መጫን አቅቷት ነበር። ግን እሱ ሙቀት ነው ካለ ሙቀት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የዳማውን ትንፋሽ ቆጥራ አታውቅም። አሁን የሚያንገበግባት ምሰሶው አልነበረም። ምሰሶ ይነቀላል፣ ይተከላል። በትክክል ያየችውን ዓይን «ገና ነው» ብሎ የጨፈነባት እሱ ራሱ፣ ያበራላት ሰውዬ፣ መሆኑ ነው።

ብረት መቺው መሬት የተቀመጠውን ትሪ አይቶ ኖሮ ተከትሏት መጣ። አጠገቧ ቆመ እንጂ አልተቀመጠም።

«ማን ነቀለው?»

«እኔ ቆፈርኩ። ሌላው ያዘ።»

«ሌላው ማን?»

«እያወቅሽ አታድክሚኝ።» ራሱን አከከ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተሳሳትኩ ብሎ አያውቅም። ሴትዮዋን ‹ይግዙ› ብሏቸዋል። ግልገሉ ግን ሲነሳ እሳት ነው፣ መጨረሻው ላይ አመድ። ‹እስኪጎለምስ ድረስ ነው፣ ከዚያ ቦታው እንመልሰዋለን› አለኝ። ይኸው፣ ሞት ቀደመው።»

«ታዲያ ራሱ ለምን አልጮኸም? ሰዓቱን እኔ አንገት ላይ አስሮ…»

«እሱ ቢጮኽ ማን ያምነዋል? ራሱ የመረጠው ፈረስ ነው። አንቺ ግን አትዋሺም።»

እሷ ሳትሰርቅ፣ አባቷ በሷ እጅ ሰርቋል። ደግሞ የሚጣሉትን ሰው ከየት ያመጡታል? ከሷ ምላስ የሚያስጥል መደበቂያ ቢኖር መቃብር ብቻ ነው፤ አባቷ እዚያ ገብቷል።

ሐሙስ ለቅሶ ቤቱ ሞላ። የገባው ሁሉ የአባቷን ዓይን ያነሳል። «ቃሉ አትታጠፍም ነበር» ይላል አንዱ። «እሱ ያየው ፈረስ ወድቆ አያውቅም» ይላል ሌላው። መኖ ነጋዴው ደግሞ «አይዞሽ፣ ዓይኑ ባንቺ ይቀጥላል» ሲላት፣ የቀረበላትን ምስጋና እንደ መራራ መድኃኒት ዋጠችው። አክስቷ ግንባሯን ዳሰሰቻት፤ ልጅቷ ዝም ካለች በርግጥ ታማለች።

ሐሳቡ ግን አልተዋትም። «ይመዝገብ» ብትል የአባቷ ስም እንደተከበረ ይቀመጣል፣ ሰዓቱም አንገቷ ላይ ይቆያል። ዳማው ደግሞ በዚያ ረጅም ሜዳ ትንፋሽ እያጠረው በአለንጋ ይነዳል። እንዲህ የተነዳ ፈረስ እግሩ ሲሰበር አንድ ጊዜ አይታለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አባቷ እንዳታይ ፊቷን ወደ ደረቱ አዙሮት ነበር። ያኔ ኮቱ የሣር ሽታ ነበረው። «አይመዝገብ» ብትልስ? አባቷን በገዛ ለቅሶው፣ ከፎቶው ሥር፣ ሌባ ልትለው ነው።

ባለፈረሷ ገቡ። ሻይ ተቀበሉ፣ አላማሰሉም።

«እህ፣ ደወል» አሉ። «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው። ላስመዝግበው?»

ወንበሮቹ ሁሉ ጆሮ ሆኑ። በሩ አጠገብ ብረት መቺው ጫማውን ማየት ጀመረ።

«አያስመዝግቡት።»

የአክስቷ ትሪ ካለበት ቆመ።

«ሳንባ የለውም እትዬ። ለአጭሩ ሩጫ ያስገቡት፣ እዚያ ማንም አይደርስበትም። በትልቁ ግን መጨረሻው ላይ ይወድቅብዎታል።»

«ዓመት ሙሉ ሃያ ሦስት ተኩል ስትይ የከረምሽውስ?»

«ውሸት ነው። ምሰሶው ሃያ አንድ እርምጃ ወደዚህ መጥቷል።»

«ማን አመጣው?»

ደወል ቀና ብላ ፎቶውን አየች። ኮፍያውን ያደረገበት ፎቶ ነው፤ ዓይኑ በጥላው ተሸፍኗል።

«እንጃ እትዬ» ልትል ነበር፤ ውሸት ስለሆነ አልወጣላትም። «ምሰሶ በእግሩ አይሄድም» አለች።

ባለፈረሷ ሻያቸውን እስከ መጨረሻው ጠጡት። ብርጭቆውን ሲያስቀምጡ እንኳ ድምፅ የለም።

«አውቃለሁ» አሉ። «ካወቅኩ ከረምኩ። ጋላቢው ነግሮኛል። አባትሽ አንድ ቀን መጥቶ ‹እትዬ፣ ተሳሳትኩ› እስኪለኝ ስጠብቅ ነበር። ቢለኝ ኖሮ ሌላ ፈረስ እንዲመርጥልኝ ነበር የምጠይቀው።» ተነሱ። ፎቶው ፊት ትንሽ ቆም አሉ። «ዳማውን ለአጭሩ አስመዘግበዋለሁ።» ወጡ።

ደወል ዙሪያዋን አየች። ጋላቢው ያውቃል። ብረት መቺው ያውቃል። ባለፈረሷም ያውቃሉ። ወደ አክስቷ ዞረች።

«አንቺም?»

«እኔ ስለ ፈረስ ምን አውቃለሁ ልጄ» አለች አክስቷ፣ ብርጭቆ እየሰበሰበች። «ስለ ምሰሶው ብቻ ነው የሰማሁት።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የተባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እሷና ብረት መቺው ሰካራሙን ነቀሉት። ተሸክመው ሃያ አንድ እርምጃ ወሰዱት፤ ቆጥራለች። ሰኞ ለቀብሩ በያዘው አካፋ አሮጌውን ጉድጓድ ከፈተ፣ ምሰሶውን አቆመ፣ አፈሩን መለሰ። ጠቅጥቆ ሊጨርሰው እግሩን ሲያነሳ ደወል ገፋ አደረገችውና ተንበረከከች። ሰኞ ቀብሩ ላይ አፈር አልነካችም ነበር፤ ጉድጓዱ አላማረኝም ብላ ከቆፋሪዎቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ነው ያለቀው። አሁን አፈሩን በሁለት መዳፏ አለሰለሰችው። ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ለቀመች። ጫፍ ጫፉን ወደ ውስጥ አስገባች፣ ተኝቶ ላለ ሰው ብርድ ልብስ እንደምታለብስ፣ እንዳትቀሰቅሰውም እንደምትፈራ። ምሰሶው ቀጥ ብሎ ነበር። እሷ ግን አልተነሳችም።

«ሁላችሁም እያወቃችሁ» አለች ቀና ሳትል፣ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አጥሩ ድረስ እንኳ የማይሰማ ሆኖ። «ዓመት ሙሉ እዚህ ቆሜ ስጮኽ እየሰማችሁ፣ አንድ ሰው እንኳ ‹ደወል፣ ነገሩ እንዲህ ነው› አይለኝም?»

ብረት መቺው አካፋውን ትከሻው ላይ አደረገ።

«መቼ ብለን? አፍሽ መቼ ተዘግቶ ያውቃል።»