የቶርዲስ ምድጃ

"በአፍንጫዋ በኩል አትያዛት" አለች ቶርዲስ።

ኢቫር እጁን ወደ አገጩ አወረደና ተጋግዘው ትልቁን የሸክላ ምስል፣ የአንዲት ሴት ራስ፣ ምድጃው ውስጥ አስቀመጡት። በዚህች የኖርዌይ የወደብ ከተማ ይህን የሚያክል የሸክላ መተኮሻ ያላት እሷ ብቻ ሆነችበት እንጂ ደጇን ባልረገጠ ነበር።

የምስሏ ሻርፕ፣ የተጨፈነ የሚመስለው ግራ ዓይኗ፣ ሁሉም የቶርዲስ እናት መልክ ነው። እናቷ ዕድሜ ልኳን በዓሣ ፋብሪካ ዓሣ ስትዘለዝል የኖረች ሴት ነበረች። ቶርዲስ ቅርጻ ቅርጽ ስታስተምር የእናቷን ትንሽ ምስል ሠርታ ለተማሪዎቿ አሳይታ ነበር፤ አንዱ ተማሪ ኢቫር ነው። ያንኑ ፊት አተልቆ ለወደቡ አደባባይ ውድድር አቀረበና አሸነፈ። ለጋዜጣም "ዓሣ ስትዘለዝል የኖረች አያቴ ናት" አለ። አያቱ የጥርስ ሐኪም ነበሩ።

"አሁንም እንደተቀየምሽኝ ነው?"

"አያትህ እንዴት ናቸው? ዓሣውን ተዉት?"

ሳቀ። "አይ ቶርዲስ፣ ሐሳብ እኮ የማንም ነው። ደግሞ አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽኝ?"

አስተምራዋለች። ወፍራም ሸክላ ከመተኮሱ በፊት ጉንጭ እንደሚያስጠጉበት፣ ከቀዘቀዘ ውስጡ ገና ውሃ እንዳለ፣ ያ ውሃ በእሳት ሲፈላ ሥራውን አፈንድቶ አጠገቡ ያለውንም እንደሚሰባብር ደጋግማ ነግራዋለች። ኢቫር ግን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና "ደርቃለች፣ አቀጣጥይው" አላት። ቅዳሜ ምረቃ ነው፤ ከንቲባዋ ይመጣሉ።

ስልኩ ጠራና ፊቱን አዞረ። ቶርዲስ ጎንበስ ብላ ጉንጯን ከእናቷ ጉንጭ ጋር አገናኘች። ቀዘቀዛት። ምስሏ ጥቂት ቀን ብትቆይ ትደርቃለች። ይህን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃል፤ ቃሉም ከንፈሯ ድረስ መጥቶ ነበር።

"አዎ፣ የአያቴ ፊት ነው" ይላል ኢቫር በስልክ። "እሷን እያየሁ ነው ያደግኩት።"

ቃሉን መልሳ ዋጠችው። ደስ አላት፤ እንዲህ ደስ ካላት ቆይቷል። ከዚያ እጇን ወደ ምድጃው ሰደደችና ከምስሉ ጎን የነበረውን፣ ኩበት ሆኖ የደረቀውን የራሷን ጎድጓዳ ሳህን አወጣችው።

"ያንቺን ለምን አወጣሽው?" አለ ኢቫር ስልኩን ኪሱ እየከተተ።

"የኔ ገና አልደረቀም" አለችው፤ የምድጃውን በር ቆልፋም እሳቱን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።