የዑመር አስራ ስድስት ዓመት

ዑመር ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ ልብስ ሲሰፋ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሲጋራም ያጨሰው የዚያኑ ያህል ነው። ሚስቱ ሀዋ ግን የመጨረሻ ልጃቸው ሚስራ የተወለደች ቀን እንደተወ ታምናለች። ሚስራ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። እሱም ይህን ሁሉ ዓመት ከሱቁ ጓሮ ያጨሳል፣ ቅርንፉድ ያኝካል፣ እጁን በሳሙና ፈትጎ ቤቱ ይገባል።

በቅርቡ የማጨስ ጓደኛው ጫማ ሰሪው ቢላል በሳንባ ካንሰር ታመመ፤ ሐኪሞቹም «ዘግይተሃል» አሉት። ዑመር ፍርሃት ያዘው። ብዙ ያጨሱ ሰዎች ሳይታመሙም በሲቲ ስካን እንደሚታዩ ሰምቶ ሆስፒታል ሄደ። ሀዋም ተከተለችው።

ነርሷ ትርንጎ ቅጽ ዘረጋች። «ጋሽ ዑመር፣ ሲጋራ ካቆሙ ስንት ጊዜ ሆነ?»

ሀዋ ቀድማ በኩራት መለሰች። «አስራ ስድስት ዓመት!»

«እንግዲያው ምርመራው እርስዎን አይመለከትም። አሁንም ለሚያጨሱና ካቆሙ አስራ አምስት ዓመት ላልሞላቸው ነው።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ ሀዋ ተነሳች። ዑመር አልተነሳም።

«አስራ አራት ብትይውስ?» አለ።

«ጋሼ፣ ገበያ እኮ አይደለም።»

«እሺ፣ አስር።»

«አንተ፣ ምን ነካህ?» አለች ሀዋ።

«ያቆምኩት ዛሬ ጠዋት ነው» አለ ዑመር አንገቱን ደፍቶ። «ቅድም ሽንት ቤት ልሂድ ያልኩሽ ጊዜ።»

ሀዋ ተመልሳ ተቀመጠች። ትርንጎ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

«በቀን ስንት?» አለች ሀዋ።

«አንድ ፓኮ።»

ሀዋ ወደ ነርሷ ዞረች። «ጻፊው እንጂ! ሐሳቡን ሳይቀይር ጻፊው።»

ዑመር የሲቲ ስካኑ መሣሪያ ውስጥ ተንጋሎ «ትንፋሽዎን ይያዙ» ሲባል አልከበደውም፤ ሀዋ ፊት ከተናዘዘ ጀምሮ በቅጡ አልተነፈሰም ነበር።

ሐኪሙ በሳንባው ምስል ላይ ከምስር ቅንጣት የማትበልጥ ነጥብ አሳየው። «አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለችው ክፉ አይደለችም። ማደግ አለማደጓን በስድስት ወር እናያለን። ሲጋራውን ግን የምር ይተዉ።»

በማግስቱ ሀዋ ዱካዋን ተሸክማ ሱቁ መጥታ የጓሮው በር ላይ ተቀመጠች።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«በሩን እጠብቃለሁ።»

ዑመር በሱሱ ጥም ተነጫነጨ፤ ያንድ ሰው እጅጌ ገልብጦ ሰፋ። ሀዋ መቀመጡ ሲሰለቻት ቁልፍ መትከል ጀመረች፤ ቆይቶም ሴት ደንበኞቹ «ሀዋ ትለካን» ማለት አመጡ።

በስድስተኛው ወር ሐኪሙ «አላደገችም» አለ። ዑመር እፎይ ብሎ ወደ ሀዋ ዞረ። «እንግዲህ ቤትሽ ትገቢያለሽ?»

«ደንበኞቼን ለማን ጥዬ?» አለችው።