ሾፌሩ ያልወረደበት አውቶቡስ

እታለም እያሉ የሚጠሯት የአውቶቡስ ጋራዡ የጽዳት ሠራተኛ፣ ለአዳዲስ አውቶቡሶች ስትል ያልረገጠችው ቢሮ አልነበረም። የከተማው ምክር ቤት ስለ በጀት ሲወያይ የባሏን ፎቶ ታቅፋ ፊት ወንበር ላይ ጉብ ትላለች። «መንገዱም ይሠራ፣ መናፈሻውም ይሠራ፣ እሺ። ሰው የሚሳፈርበትስ?» ተቀመጪ ሲሏት ትነሳለች፣ ውጪ ሲሏት ትቀመጣለች። ምን ታድርግ! ባሏ ሾፌር ነበር። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ሲለው አውቶቡሱን ከግንብ ጋር አላትሞ ተሳፋሪውን በሙሉ አተረፈ፤ እሱ ግን መሪው ላይ እንደተደፋ ቀረ።

ይባስ ብለው ያንኑ አውቶቡስ ጠጋግነው፣ ቀለም ቀብተው መልሰው ሥራ ላይ አዋሉት። «ሌላ የለንማ» አሏት። እንዲያጸዳው ለማን ቢሰጡት ጥሩ ነው? ለእሷው!

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ የጀመረው። አጽድታ የቆለፈችውን አውቶቡስ ጠዋት ስትከፍተው፣ የሾፌሩ ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቶ ታገኘዋለች። ባሏ ቁመቱ ለጉድ ነበር፤ ጉልበቱ ከመሪው ጋር እየተጋጨበት ሁልጊዜ እንደዚያ አድርጎ ነበር የሚገፋው። የአሁኖቹ ሾፌሮች «ማነው ደግሞ ወንበሬን የነካው?» ብለው ሲቆጡ፣ «እኔ ነኝ፣ ስጠርግ ገፍቼው ነው» ትላለች። መጀመሪያ ላይማ ፈርታ ከአውቶቡሱ ዘላ ወርዳ ነበር። ኋላ ለመደችው። መጥረጊያዋን አስደግፋ ከበስተኋላው ትቀመጥና የቤቱን ወሬ ታወራዋለች። «ልጅህ ወለደች። አፍንጫው ቁርጥ አንተን፤ ምስኪን!» እዚያ ስትቀመጥ ብቻዋን አይደለችም።

ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ፣ ከመኪና ማቆሚያ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለአውቶቡስ መግዣ ይሁን ተብሎ ጸደቀ። አዳዲሶቹ እያብረቀረቁ ገቡ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ እያለ አገላብጦ ሳማት። አሮጌዎቹ ደግሞ ወደ ብረት ማቅለጫ ሊሄዱ ነው ተባለ። ምን ስትለምን እንደኖረች ያኔ ገባት። ወይኔ!

በማግስቱ ክሬኑ መጣ። በጋራዡ ደንብ አውቶቡስ ከመነሳቱ በፊት የጽዳት ሠራተኛዋ ውስጡን አይታ «ባዶ ነው» ማለት አለባት።

«እታለም፣ ባዶ ነው?» አለ የጋራዡ አለቃ።

ዞራ የአውቶቡሱን በር አየች።

«እህቴ፣ ሰዎቹ ቆመዋል እኮ!»

«አይደለም» ብትል «ማን አለ?» ሊላት ነው። ባዶ ነው ብትል ደግሞ ባሏ ከነወንበሩ እሳት ሊገባ ነው። መጥረጊያዋን ጥላ ገባች። ወንበሩ እንደ ወትሮው ወደ ኋላ ተገፍቷል።

«ውረድ» አለችው። «ይሄን ነገር ሊያቀልጡት ነው።»

የወንበሩን መደገፊያ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

«አንተ ደረቅ! ሰው ሁሉ ሳይወርድ አልወርድም ማለት አመልህ ነው...» አለችና ድንገት አንድ ነገር ትዝ አላት። የቤቱን ወሬ አንድም ሳታስቀር ስትነግረው ኖራ፣ ይህቺን አንዲት ነገር ለካ ነግራው አታውቅም! እሷም አልነገረችው፣ ማንም አልነገረው።

«ወርደዋል እኮ» አለች በቀስታ። «ሁሉም ወርደዋል፣ በሰላም ቤታቸው ገብተዋል። አንድም ሰው አልሞተብህም። ጨርሰሃል የኔ ጌታ፤ በቃህ።» መሪውን በመዳፏ ጠረገችው። «ለእኔም አታስብ፣ እችለዋለሁ» ብላ ዋሸችው።

ወርዳ መሬት ረገጠች። በእሷ ክብደት አውቶቡሱ ንቅንቅ አላለም። ከኋላዋ ግን ደረጃው ሲጥ አለ፤ አውቶቡሱ በበሩ በኩል ዝቅ አለና፣ ከባድ ሰው የወረደለት ይመስል ቀስ ብሎ ቀና አለ። አለቃው ዞር ብሎ አየና ፊቱ አመድ መሰለ።

እታለም ባለችበት ቆመች። ክንዷን የሚነካት፣ ትከሻዋን የሚታከካት ነገር ካለ ብላ ጠበቀች። ምንም የለም።

«ባዶ ነው» አለች።

ምነው ውሸቴን በሆነ ብላ እንደዚያ ቀን ተመኝታ አታውቅም።