የኑሬ ዱቄት

አራት ዓመት ሙሉ ሰአዳን እንደ እሾህ ሲወጋት የኖረው አንድ ንግግር ነው። «አንቺ የመኖውን ከረጢት ጽሑፍ እንኳ የማታነቢው ሴትዮ፣ ስለ ዶሮ ልታስተምሪኝ ነው?» ያላት የባሏ ታናሽ ወንድም ኑሬ ሲሆን፣ ያውም ገዢ በተሰበሰበበት ነው። ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ካለው ሱቁ ጓሮ የሥጋ ዶሮ የሚያደልበው እሱ፣ የምትነጫቸውና የምትበልታቸው እሷ።

እውነት ነው፣ ከሁለተኛ ክፍል አላለፈችም። የዶሮን ሆድ ዕቃ ግን ማንም አያስተምራትም።

ኑሬ «ቡስተር» የሚለውን ነጭ ዱቄት ከመኖው ጋር ይቀላቅላል። ሻጩ በማንኪያ ለክተህ ስጥ ቢለውም እሱ በጣሳ ይገለብጠዋል። ዶሮዎቹ በወር ከሳምንታቸው ግልገል ያህላሉ። ማበጥ እንጂ ማደግ ግን አይባልም። እግራቸው አልሸከም ብሏቸው ኩሳቸው ላይ እንደተዘረፈጡ ይውላሉ፤ ደረታቸው ተመልጦ እንደ አጋሰስ ጀርባ ይቆስላል። ሆዳቸውን ስትከፍተው ቢጫ ውሃ ይፈሳል፤ ጉበታቸው እንደ በሰበሰ ሙዝ ጣቷ ላይ ይፈርሳል። ኤጭ! እጇን በሎሚ ሦስት ጊዜ ብትታጠብም ሽታው አይለቃትም። ዶሮ ከቀመሰች ዘመን ሆኗታል።

«ቀንስላቸው ኑሬ፣ ልባቸው ነው የሚፈነዳው።»

«እሺ ዶክተር ሰአዳ! ዶሮ ልብ የላትም፣ ያላት ኪሎ ነው።»

አንድ ጊዜ እልህ ይዟት አሥር ጫጩት ለየች። ዱቄቱን ከልክላ በቆሎና አኩሪ አተር አበላቻቸው፤ ውሃቸው ላይ ነጭ ሽንኩርት ጨመቀችበት። ከኑሬ ዶሮዎች አነሱ፤ ግን በእግራቸው ይሮጣሉ፣ አንድም አልሞተባት። ኑሬ ሚዛን ላይ አውጥቶ «የረሃብ ዘመን ዶሮዎች» ብሎ ሳቀና ከመንጋው ቀላቀላቸው።

ባለፈው ወር ዛራ የምትባል ጎረቤት ለልጇ ኒካህ ሠላሳ ዶሮ አዘዘች። የሰርጉ ዕለት ጠዋት ሰአዳ ዶሮ ቤቱን ስትከፍት አራቱ በጀርባቸው ተገልብጠው፣ እግራቸውን ሰቅለው ደርቀዋል። ኑሬ መጣና አየ። ግራ ቀኙን ቃኘ። ከዚያ አንድ በአንድ እያነሳ፣ «ቢስሚላህ» እያለ፣ በሞተው አንገታቸው ላይ ቢላ ጎተተ። ደም የሚባል አልወጣም።

«ፍል ውሃው ውስጥ ክተቻቸው» አላት።

«በክት ነው'ኮ!»

«ከተነጨ በኋላ ማን ይለየዋል?»

«እኔ።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? ሰርገኛ እየጠበቀ ነው፣ ዝም ብለሽ ንጪ!»

ሰአዳ አራቱን አየቻቸው። ስንት ጊዜ ከሷ ቀድሞ እየተነሳ እንዲህ አድርጎ ይሆን? እሷ ከነጨችው፣ እናቶች ለልጆቻቸው ካጎረሱት ውስጥ ስንቱ በክት ነበር? ግድግዳውን ተደግፋ ያላትን ሁሉ አስታወከች። አፏን ጠረገችና አራቱን ከነላባቸው በእግራቸው አንጠልጥላ ወደ ሱቁ ገባች።

ኑሬ ዶሮዎቹን ልትወስድ የመጣችውን ዛራን «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ቅቤ የመሰለ ዶሮ ነው ያቆየሁልሽ» እያላት ነበር። ሰአዳ አራቱን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈቻቸው።

«ዛራ እህቴ፣ እነዚህ ሞተው ነው ያገኘናቸው። ቢላው የመጣው ከሞቱ በኋላ ነው። ደም አለ? ላባው ላይ እዪው።»

ዛራ አጎንብሳ አየች። አፍንጫዋን በሻሿ ሸፈነች።

«አስተግፊሩላህ! ኑሬ፣ ሙሽራዬን በክት ልታበላ?»

«አብዳለች! እሷ ምን ታውቃለች?» አለ ኑሬ። ከዚያ ወደ ሰአዳ ዞሮ፣ «ለወንድሜ ባልነግርብሽ!»

«ንገረው። ሳትቀድመኝ እኔው እነግረዋለሁ።»

ዛራ ሠላሳውንም ትታ ወጣች። ሰአዳም ሽርጧን ፈታ ተከተለቻት፤ ግን ከደጃፉ አላለፈችም። ማታቱ ከሚባሉት ሚኒባሶች መቆሚያ ፊት ለፊት፣ የሱቁ በር ላይ ቆመች። ለሚመጣው ሁሉ፣ ለሐበሻው በአማርኛ፣ ለኬንያዊው በተሰባበረ ስዋሂሊዋ፣ «አትግዙ፣ በክት ነው» ትላለች። ኑሬ ለመናት፣ ሰደባት፣ ወንበር አምጥቶ ተቀመጪ አላት። ለዙህር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ አዛን እስኪባል ድረስ ከዚያ በር ንቅንቅ አላለችም።