ከማጣሪያው የወጣው እምነት

እምነት አሉት እኮ፣ መርዙን፣ ያውም ወርቄ፣ የሳጥኑን ጓጉንቸር በድንጋይ ሰብራ ከውሃ ማጣሪያው የወጣውን ዱቄት እንደ ደብር እምነት፣ እንደ ተባረከ አፈር፣ በጨርቅ እየቋጠረች ውሃ ለቀዳች ሴት ሁሉ ታድላለች፣ የሽማግሌው የቀለሙ ደም እንደ ድፍድፍ ይፈላል፣ ከቦሩ ሜዳ ሲጮህ ኮምቦልቻ ያለ የፋብሪካ ሠራተኛ ፈረቃ ያለቀ መስሎት ይወጣል፣ እዚህ ግን ማን ሰምቶት። ቀልደኛ ነዋ።

ወርቄ ተይ፣ መርዝ ነው። ኧረግ! ትላለች፣ ውሃውን ያዳነ ሰውን አያድንም?

አያድንም! ሀኒ፣ የላቦራቶሪዋ ልጅ፣ ከደሴ መጥታ አስረድታዋለች፣ ድንጋዩ ጉድጓዳችሁ ውስጥ ዩራኒየም ይለቃል ጋሼ፣ ጨረር አለው፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ዱቄቱ ላይ ያለው ፔፕታይድ ግን እሱን ብቻ ለይቶ ይይዛል፣ ሰው ቀርጾ የሠራው የፕሮቲን ቁራጭ ነው። ገባው፣ ፊደል ባይቆጥር መዥገር ያውቃል፣ ከሺህ ላም የአንዷን ጡት መርጦ የሚጣበቅ መዥገር። ታዲያ የጠገበ መዥገር ይዋጣል? ዱቄቱ ሲጠግብ ከማጣሪያው አውጡት፣ በእጅ አትንኩት፣ ቆልፋችሁ ጠብቁኝ፣ አለች። ጠባቂው ቀለሙ። ሹመት ተገኘና!

የምስራች። የገዛ ልጁ፣ ወሯ ገብቶ ሆዷ ቀድሟት የምትሄድ፣ ቋጠሮዋን መቀነቷ ውስጥ ልትሸጉጥ።

ጣይው ልጄ። አባዬ ደግሞ፣ በዚህም ይቀለዳል? በጥብጬ እጠጣዋለሁ፣ ምጥ ያቀላል ብላኛለች እትዬ ወርቄ። በእመቤቴ ይዤሻለሁ ጣይው! ሴቶቹ ይስቃሉ፣ ሲምል ይስቃሉ፣ እንባው ሲመጣ ሆዳቸውን ይይዛሉ፣ አቤት ሲያውቅበት፣ እውነተኛ ልቅሶ እኮ ነው የሚመስለው። ጅብ አግብቼ ፈታሁ ሲላቸው ጥሎሿን የጠየቁት እነዚሁ ናቸው፣ እነዚሁ ደነዞች፣ ዛሬ በዕድሜው አንዴ እውነት ቢያወጣ፣

ይሁና። ውሸት ካማራችሁ።

ሸናሁበት።

ምን አልክ?

ጧት፣ ሳጥኑን ከፍቼ፣ ቁልፉ እኔው ዘንድ አይደል። አትንኩ የምለው ለምን ይመስላችኋል?

ወርቄ ጣቷን ወደ አፍንጫዋ፣ ይሸታል! ትላለች፣ ምኑ ነው የሚሸተው አንቺ ቀጣፊ፣ ግን ዝም፣ እሰይ፣ ይሽተት፣ ይግማ፣ ቋጠሮው እንደ በረዶ ይወርድበታል፣ አናቱን፣ ደረቱን፣ ቆሻሻ፣ ከይሲ፣ አንተን ብሎ ሽማግሌ፣ እጃቸውን በሳሙና ይፈትጋሉ፣ እሱ እየተሰደበ በጋቢው ጫፍ እየያዘ ሳጥኑ ውስጥ ይከታል። ሁሉንም። የልጁ ብቻ ቀርቷል። የምስራች እያየችው ነው፣ ትወረውራለች፣ ትተፋለች።

አሳፈርከኝ አባዬ። በሰው ፊት አሳፈርከኝ።

እሰይ ልጄ፣ እፈሪ፣ እፈሪና ውለጂ።